ከሰናኢያ ወጣ ብሎ

ጥያቄ፦ ሪያድ፣ ሰናኢያ (የኢንዱስትሪ ሰፈር) ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንባቢ ዕረፍቱን ታሪካዊ ከተማ ወይም ውብ ተፈጥሮ እያየ ማሳለፍ ይፈልጋል። የት ይሂድ?

መልስ፦ ወሩ ይወስነዋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከሆነ ከአብሃ የሚሻል የለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ ለአዲስ አበባ ልጅ አየሩ እንግዳ አይሆንም። ጉምና የጽድ ዛፍ አለ፤ አዋሽ አካባቢ የሚታየው ዓይነት ዝንጀሮም መንገድ ዳር ተቀምጦ ምግብ ይጠብቃል (ባይሰጡት ይሻላል)። ከአብሃ ገደል ሥር ያለችው መንደር ሪጃል አልማዕ፣ ግድግዳቸው በነጭ ድንጋይ ባጌጠ ባለ ብዙ ፎቅ የድንጋይ ቤቶቿ ትታወቃለች።

በብርዱ ወራት ግን አል-ዑላ። እዚያ ያለው ሄግራ እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የተመዘገበ የአገሪቱ የመጀመሪያው ቅርስ ነው፤ ናባታውያን ከ100 በላይ መቃብሮችን ከአለት ፈልፍለዋል። ላሊበላን ያየ ሰው የመሮውን አሻራ ቶሎ ይለያል። ርቀቱ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ለሁለት ቀን ዕረፍት አያዋጣም።

ጊዜም ገንዘብም ላጠረው በባቡር ሁፉፍ ይበቃል፦ የአል-አህሳ የተምር ደን፣ የቀይሰሪያ ገበያ።

ለግማሽ ቀን ደግሞ ዲርዒያ አለች። እ.ኤ.አ. በ1818 የኦቶማን ጦር ያፈረሳት የጭቃ ከተማ፣ እዚያው ሪያድ ዳር። አመሻሽ ላይ መሄድ ነው፤ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ሳይረሱ።