ተጫዋቹ አያት

ሰው ሲሞት ሀብቱ ለወራሾቹ ይከፈላል። መሬቱን አንዱ፥ በሬውን ሌላው ይወስዳል። ነገር ግን ዳኛ የማያካፍለው፥ ልጆች ሁሉ እኩል የሚወርሱት ሌላ ሀብት አለ፤ እርሱም አባት ለቤተ ሰቡ ያሳየው ፍቅርና ደስታ ነው። ልጆች ሆይ፥ ይህንን ታስተውሉ ዘንድ የአንድ ሽማግሌ ገበሬን ነገር እንነግራችኋለንና አድምጡ።

በጣና ባሕር አጠገብ በፎገራ ሜዳ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከባለቤታቸው፥ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋራ ይኖሩ ነበር። የፎገራ ሜዳ ሰፊ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች አቋርጠውት ወደ ጣና ይገባሉ፤ በክረምትም ወንዞቹ ሲሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ሽማግሌውም እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ያርሱና ከብት ያረቡ ነበር እንጂ ባለጠጋ አልነበሩም። ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ጨዋታ ወዳድነታቸው ነው።

ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቻቸው አንዱን «ምን ይሉኝ»፥ ሁለተኛውን «ተዋቸው» ብለው ሰይመዋቸው ነበር። ሲያርሱም «ና ምን ይሉኝ! ሂድ ተዋቸው!» እያሉ ሲጮኹ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። የስሞቹን ትርጓሜ የጠየቃቸው ሰው ቢኖርም፥ «ብዙ ሰው ምን ይሉኝን ብቻውን ጠምዶ ስለሚያርስ ትልሙ ይጣመምበታል፤ እኔ ግን ተዋቸውን ከጎኑ ጠምጄ አቀናዋለሁ» ብለው ይመልሱ ነበር።

መሬት ላይ ጉድጓድ ምሰው ከልጆች ጋራ ገበጣ ሲጫወቱ፥ ታናሹ ልጅ ሊሸነፍ በቀረበ ጊዜ ሆን ብለው ይሳሳቱ ነበር። ልጁ አሸንፎ ሲዘልም፥ «ጠጠሮቼ እንደ እኔ አርጅተው መራመድ አቃታቸው» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። በገና ዕለት የመንደሩ ጎበዞች ዳኛ ይሁኑን ብለው ያስቀምጧቸዋል፤ ሩሯ ወደ እርሳቸው ስትመጣ ግን ዳኝነቱን ረስተው በምርኩዛቸው ይመቷት ነበር።

ይሁን እንጂ ለጨዋታቸው ወሰን ነበረው። በዕውር፥ በአንካሳ፥ በድኻ፥ ባዘነም ሰው አይቀልዱም ነበር። አንድ ጊዜ ግን ስለ ጎረቤታቸው በሬ ክሳት ተናግረው ሰውን አሳቁ። በሬው የከሳው ባለቤቱ መኖ አጥቶ ነበርና፥ ጎረቤትየው ዐፍሮ ወደ ቤቱ ገባ። ሽማግሌው ይህን በሰሙ ጊዜ ፀሓይ ሳትጠልቅ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው፥ አንድ ሸክም ጭድ ደግሞ ለልጃቸው አሸክመው ወደ ጎረቤትየው ደጅ ሄዱ። በአገራችን ልማድ ድንጋይ መሸከም ይቅርታ መለመን ነው። ጎረቤትየውም ፈጥኖ ድንጋዩን አወረደላቸውና ይቅር አላቸው። ሽማግሌውም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ልጃቸውን፥ «ወንድሙን በሚያሳፍር ቀልድ የሚስቅ ሰው፥ የጎረቤቱ ቤት ሲቃጠል እንደሚሞቅ ሰው ነው» አሉት።

ማታ ማታም እሳት ዳር ተቀምጠው ልጆችን እንቆቅልሽ ይጠይቁ ነበር። እርሳቸው «እንቆቅልሽ» ሲሉ ልጆቹ «ምን አውቅልሽ» ይላሉ። መልሱን ያላወቀ ልጅ እንደ ጨዋታው ሕግ አገር ይሰጣል። ልጁ «ጎንደርን ሰጠሁዎ»፥ ወይም «ጎጃምን ሰጠሁዎ» ሲል፥ እርሳቸው አገሩን ተቀብለው በዚያ ስለ በሉት ማርና ስለ ጠጡት ጠጅ እያወሩ ያስቁት ነበር። «ያለ ጦር ይህን ያህል አገር የገዛ ንጉሥ የለም» ማለትንም ያዘወትሩ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ማታ፥ 10 ዓመት የሆነውን የልጃቸውን ልጅ፥ «ለሁሉ ቢያካፍሉት የማይጎድል፥ ለብቻ ቢደብቁት ግን የሚጠፋ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ጎረቤቶች ጠዋት ጠዋት ፍም ሊወስዱ ሲመጡ ያይ ነበርና «እሳት ነው» ሲል መለሰ። ሽማግሌውም፥ «ቀርበሃል፤ ነገር ግን እሳት ለብቻም ቢሆን ማገዶ እስካለው ድረስ ይነድዳል። እንግዲህ አገር ስጠኝ» አሉት። ልጁ በዚያ ቀን ጥጃ ጠፍቶበት ሲፈልግ ውሎ ነበርና ደክሞት ተቈጣ። «አገር አልሰጥም! ሁልጊዜ አንቱ ብቻ ያሸንፋሉ!» ብሎ ተነሥቶ ተኛ። አያቱ ግን ሳቁና፥ «እንግዲያስ አገሬን ነገ እቀበላለሁ» አሉ። በዚያችው ሌሊት ሕመም ያዛቸው፤ ጎሕ ሳይቀድም ዐረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቶች ንፍሮ ቀቅለው፥ እንጀራም ይዘው መጥተው፥ እንደ አገሩ ልማድ 3 ቀን ከሐዘንተኞቹ ጋራ ተቀመጡ። በ3ኛውም ቀን ያ በሬው የከሳበት ጎረቤት፥ ሽማግሌው ድንጋይ ተሸክመው ወደ ደጁ የመጡበትን ቀን እያለቀሰ ተናገረ። እያለቀሰም ሳለ፥ «ድንጋዩን ባወረድሁላቸው ጊዜ፥ ለምድጃህ ጉልቻ ይሁንህ፥ እኔ መልሼ አልሸከመውም አሉኝ» ሲል ሳቅ አመለጠው። የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ወዲያውም ዐፍረው ዝም አሉ። የሽማግሌው የበኵር ልጅ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ፥ «የአባታችን የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ስንስቅ የሰማን ሰው ምን ይለናል?» አለ። እናቱ ግን ቀና ብለው፥ «ልጄ፥ ምን ይሉኝን ብቻውን ጠመድኸውን?» አሉት።

በዚያ የነበሩ አንድ መምህርም እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፤ «ጠቢቡ ሰሎሞን ለልቅሶም ለሳቅም ጊዜ እንዳላቸው አስተምሮናል። የዚህ የፎገራ ሰው የነበሩት አለቃ ገብረ ሐና፥ በዐፄ ቴዎድሮስና በዐፄ ምኒልክ ዘመን የኖሩ ታላቅ ሊቅ ናቸው። ሕዝቡ ስማቸውን ሲሰማ አስቀድሞ የሚያስበው ቀልዳቸውን ነው። ነገር ግን ቀልድ ብቻ አላወረሱም። ካህናት መቋሚያ ይዘው ለሚያቀርቡት ዝማሜ አዲስ ሥርዐት አወጡለት፤ የእንቅስቃሴውን ምሳሌ ያገኙት የጣናን ማዕበል አይተው ነው ይባላል። ይህንንም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም ለሌሎች አስተማሩ። ስለዚህ ያ በደብረ ታቦር የታወቀው አቋቋም በልጁ ስም የተክሌ ይባላል። አባትን ማክበር እያለቀሱ ስሙን መጥራት ብቻ አይደለም፤ በጎ ሥራውን ተቀብሎ ለሌላው ማስተላለፍ ነው። የአለቃ ቀልድ አንዳንዱን ሰው ይወጋ ነበር ይባላል፤ ይህ ወንድማችን ግን የወጉትን ሰው ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ለምነዋል። እንግዲህ ልጆቻቸው ሳቃቸውንም ይህንንም ትሕትና ይውረሱ።»

ሐዘንተኞቹ በዚህ ቃል ተጽናኑ፤ ያ ልጅ ግን አልተጽናናም። ብቻውን ወደ በረቱ ሄዶ ያለቅስ ነበር። አያቱም ተከትለውት ሄደው፥ «ልጄ፥ ምን ሆንህ?» አሉት። ልጁም፥ «እሜቴ፥ አባባ አገር ስጠኝ ቢሉኝ ከለከልኋቸው። ነገ እቀበላለሁ ብለው ነበር፤ ሳይቀበሉ ሞቱ» አለ።

ባልቴቲቱም አቅፈውት እንዲህ አሉት፤ «አላጠፋህም ብዬ አልዋሽህም፤ በቍጣ መናገርህ ጥፋት ነው። ነገር ግን አያትህ ስለ አንተ እየሳቁ ተኙ እንጂ ቂም ይዘው አልተኙም። አንተ የከለከልኻቸውን አገር እግዚአብሔር ሰጥቷቸዋል፤ እርሱ የሚሰጠው አገር እንደ ጎንደርና እንደ ጎጃም አይደለም፤ ማንም አይወስድባቸውም።» ልጁም እንባውን ጠርጎ፥ «የእንቆቅልሹን መልስ ነግረውዎታልን?» ሲል ጠየቀ። እርሳቸውም፥ «አልነገሩኝም፤ አንተ ፈልገው» አሉት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ማታ ማታ ጸጥ ያለ ሆነ። እያንዳንዱ ሰው ሌላውን እንዳያሳዝን ብሎ የሽማግሌውን ስም አያነሣም፥ ጨዋታቸውንም አያስታውስም ነበር። በ40ው ቀን ተዝካሩ ተፈጽሞ እንግዶች ከሄዱ በኋላ፥ የልጁ ታናሽ እኅት እሳቱን እያየች፥ «ከእንግዲህ እንቆቅልሽ የሚጠይቀን ማን ነው?» አለች። የመለሰላት ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ልጁ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፥ «እንቆቅልሽ» አለ። ልጆቹም «ምን አውቅልሽ» አሉት። እርሱም የአያቱን እንቆቅልሽ ጠየቃቸው። ማንም አላወቀውም፤ ታናሽ እኅቱም፥ «ፎገራን ሰጠሁህ» አለችው።

ልጁ ፎገራን ተቀብሎ፥ ልክ እንደ አያቱ ጢሙን እንደሚያሻሽ ሰው አገጩን እያሻሸ፥ በጎርፍ ላይ እንደ ታንኳ በምጣድ ተቀምጦ ግብር ሲሰበስብ እንደ ዋለ ያወራ ጀመር። ልጆቹ ሳቁ፤ እናቱም ሳቀች፤ አባቱ ከመደቡ ላይ ሆኖ የምን ይሉኝንና የተዋቸውን ነገር ጨመረ፤ ባልቴቲቱም እያለቀሱ ሳቁ። ድምፁን የሰሙ ጎረቤቶችም ገቡ፤ እያንዳንዱም ከሽማግሌው ጨዋታ የሚያስበውን አንዳንድ ነገር ተናገረ። ልጁም ይህን አይቶ ድንገት ዝም አለ፤ ከዚያም፥ «መልሱን አገኘሁት! ለሁሉ ቢያካፍሉት የማይጎድል፥ ለብቻ ቢደብቁት ግን የሚጠፋ ደስታ ነው» አለ። ቀጥሎም በቀስታ፥ «ይህን የተቀበልሁትን አገር ለአባባ ሰጠሁ» አለ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ነገር ሦስት ትምህርት ያዙ። መጀመሪያ፥ ወላጆቻችሁና አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ በጎ ቃል ንገሯቸው፤ ነገ የእናንተ አይደለምና ለነገ አታቆዩት። ሁለተኛ፥ ስትጫወቱ ማንንም አታሳፍሩ፤ ብትበድሉም ፀሓይ ሳትጠልቅ ይቅርታ ለምኑ። ሦስተኛ፥ የምትወዱት ሰው ሲሞት ማልቀስ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያስተማራችሁን ደግነትና ደስታ ከእርሱ ጋራ አትቅበሩት፥ ለታናናሾቻችሁ አካፍሉት።

ጥያቄ።
1. ሽማግሌው በሬዎቻቸውን ማንና ማን ብለው ሰየሟቸው? ስለ ምን?
2. ወደ ጎረቤታቸው ደጅ ድንጋይ ተሸክመው የሄዱት ስለ ምን ነው?
3. አለቃ ገብረ ሐና ለልጃቸው ምን አስተማሩ?
4. ልጁ በበረቱ ያለቀሰው ስለ ምን ነበር? አያቱስ ምን ብለው አጽናኑት?
5. አንተ ከአያትህ ወይም ከአባትህ የተማርኸውን አንድ በጎ ነገር ተናገር።