ስለ አየርና ስለ አራቱ ወቅቶች

ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን፥ ያለ ውሃ ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። እህሉን አበጥሮ ይበላል፥ ውሃውን አጥልሎ ይጠጣል፤ አየርን ግን ባለበት ስፍራ ያገኘውን ይተነፍሳል እንጂ መርጦ ሊተነፍስ አይችልም። ስለዚህ የአየርን ጠባይ ማወቅ ለሰው ሁሉ ይገባል።

ፍኖተ ሰላም በምዕራብ ጎጃም ያለች ከተማ ናት። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10ኛውና በ11ኛው ዲግሪ መካከል ስለ ሆነች በሐሩር ክልል ውስጥ ትቈጠራለች። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በእርስዋ በኩል ያልፋል። በዙሪያዋ ያሉት ገበሬዎች በቆሎ፥ ጤፍ፥ ዳጉሳና በርበሬ ያመርታሉ። የከተማይቱም አየር እንደ ዝናቡና እንደ እርሻው ሥራ ይለዋወጣል።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ዓመቱን በ4 ይከፍሉታል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ይባላል።

መፀው ሲገባ ዝናብ ያጠበው አየር ጥርት ይላል፤ ሩቁ ተራራ ቅርብ ይመስላል። በበጋ ግን ምድር ትደርቃለች። መኪናና ከብት ባለፈ ቍጥር ከጥርጊያው መንገድ አቧራ ይነሣል፤ በአውድማም እህሉ በመንሽ ሲበተን እብቁን ነፋስ ይወስደዋል። በጸደይ ደግሞ ገበሬው ማሳውን ለዘር ሲያሰናዳ የተረፈውን አገዳ ያቃጥላል፤ ጢሱም ወደ ከተማው ይመጣል።

በበጋ ማለዳ ጢሱ በቤቶች ጣራ ላይ ተጋድሞ ይታያል። ምክንያቱም ይህ ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር ሙቀትዋን ፈጥና ታጣለች፤ በምድር ላይ ያለውም አየር ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ ከታች ይተኛል፤ ሞቃቱም አየር እንደ ክዳን ከላይ ይሆንበታል። ስለዚህ ከየቤቱ የሚወጣው ጢስ ወደ ላይ መውጣት ይሳነዋል። ፀሐይ ወጥታ ምድርን ስታሞቅ ግን ተነሥቶ ይበተናል።

ክረምት በገባ ጊዜ ዝናብ አቧራውን ያወርደዋል፤ ሰውም ሁሉ አየሩ ጸዳ ብሎ ደስ ይለዋል። ይህ ለውጭው አየር እውነት ነው፤ ለቤቱ ግን አይደለም። ከብርዱና ከዝናቡ የተነሣ በርና መስኮት ይዘጋል። እንጨቱና ኩበቱ እርጥብ ስለ ሆነ ቶሎ አይነድም፤ ይጨሳል እንጂ። እናት ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፤ በጀርባዋም ያዘለችው ሕፃን ያንኑ ጢስ ይተነፍሳል። እንዲህም የውጭው አየር ሲጸዳ የቤቱ አየር ይከፋል።

የጢስ ብናኝ እጅግ ደቃቅ ነው። አንድ ሚሊሜትር 1,000 ማይክሮሜትር ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፥ አብዛኛው የጢስ ብናኝ ግን ከ2.5 ማይክሮሜትር ያንሳል። ትልቁን አቧራ አፍንጫ ይይዘዋል፤ ይህ ደቃቅ ግን እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይወርዳል። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱና ሳንባቸው ገና በማደግ ላይ ስለ ሆነ ከሌላው ይልቅ ይጐዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2020 ዓመት ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ።

በመንገድ አቧራ ሲነሣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይሸፍናል፤ በቤቱ ጢስ ሲመላ ግን ለምዶታልና ዝም ይላል። የለመዱት ጉዳት ጉዳት አይመስልም። ነገር ግን በማእድ ቤት ጣራ ላይ የተንጠለጠለው ጥቀርሻ ይመስክር፤ ጣራውን ያጠቈረው ጢስ የሰውን ደረት ሳይነካ አላለፈም። ጢስ መውጫ አያጣም ተብሎ ይተረታል፤ መውጫውን እስኪያገኝ ድረስ ግን በሕፃኑ ሳንባ ይመላለሳል።

እንግዲህ ብልህ ቤተ ሰብ እንጨቱን በበጋ ፈልጦ ያደርቃል፥ ክረምትም ሳይገባ ዝናብ ከማይደርስበት ያኖረዋል። በማእድ ቤቱ መስኮትና የጢስ መውጫ ያበጃል። እሳት በሚነድበት ጊዜ ሕፃኑን የሚችል ሌላ ሰው ከጢሱ ርቆ ይይዘዋል። ደጁን ሲጠርግ አስቀድሞ ውሃ ይረጫል። አገዳውንም በማቃጠል ፈንታ ለከብት ይሰጠዋል፥ ወይም አበስብሶ ለማሳው ማዳበሪያ ያደርገዋል።

ልጆች ሆይ፥ እርሻ በድንበር ይከፈላል፥ ቤትም በግድግዳ ይለያል፤ አየር ግን ድንበር የለውም። ያንዱ እሳት የጎረቤቱ ጢስ ይሆናል። ስለዚህ አየሩን በንጽሕና የሚጠብቅ ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቱም ልጅ መልካም ሥራ ሠርቷል።

ጥያቄ።
1. በበጋ ማለዳ ጢስ ወደ ላይ የማይወጣው ስለ ምንድር ነው?
2. በክረምት የቤት ውስጥ አየር የሚከፋው ለምንድር ነው?
3. ክረምት ሳይገባ በቤታችሁ ምን ሊሠራ ይገባል?