«ከባድ በረዶ ወረደ» ማለት ብቻ በቂ ነውን?

በአዊ ዞን በክረምት ወራት ጠዋት ጠርቶ የነበረ ሰማይ ከቀትር በኋላ በድንገት ይጠቁራል። በአንድ መንደር ሰብል በበረዶ ሲመታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ቀበሌ ግን ካፊያ እንኳ ላያገኝ ይችላል። የዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? ፀሐይ ያሞቀችው እርጥበት አዘል አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚፈጠረው የነጎድጓድ ደመና ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ በመሆኑ ነው። ስለሆነም ዳንግላ ወይም እንጅባራ ከተማ ያለ መለኪያ በገጠሩ የወረደውን ላይመዘግብ ይችላል። ሳተላይት የሚያየው የደመናውን አናት ነው፤ የራዳር ሞገድም በርቀት ልክ ከመሬት እየራቀ ይሄዳል። መሬት የደረሰውን በቀጥታ የሚያየው በቦታው ያለ ሰው ነው።

ሰዎች የሚሰጡት መረጃ ይታመናልን?

እ.ኤ.አ. በ2014 በዳንግላ ወረዳ ደንገሽታ ቀበሌ የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር የዝናብን መጠን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውኃን ጥልቀት እየለኩ መመዝገብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት የነዋሪዎቹ መረጃ ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር የሚወዳደር ጥራት እንዳለውና የአካባቢውን ዝናብ ከሳተላይት ግምት በተሻለ እንደሚያሳይ አመልክቷል። እርግጥ ሥራቸው የዘወትር ልኬት እንጂ የአደጋ ጥቆማ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚጠይቁት ክህሎት አንድ ነው፤ ይኸውም ያዩትን በቁጥር መግለጽ ነው። የአደገኛ አየር ታዛቢዎች ሥልጠናም መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

በረዶን መለካት

የሚወርድ በረዶ ክብደቱና የአየሩ ግፊት ሲመጣጠኑ ፍጥነቱ ቋሚ ይሆናል። ክብደቱ ከዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ጋር፣ የፍጥነቱ ካሬ ደግሞ ከዲያሜትሩ ጋር ያድጋል። ስለዚህ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል ማለት ነው። ባለ 2 ሴንቲ ሜትር በረዶ ከባለ 1 ሴንቲ ሜትሩ የሚበልጠው በእጥፍ ሳይሆን በ16 እጥፍ ጉልበት ነው! «ከባድ በረዶ» የሚለው ቃል ይህን ልዩነት ይደብቃል። ስለሆነም ታዛቢው በረዶው ካቆመ በኋላ ትልቁን ፍሬ በማስመሪያ ይለካል፤ ማስመሪያ ከሌለው ከሳንቲም ጋር አስተያይቶ ይመዘግባል።

የመብረቅን ርቀት ማስላት

የመብረቅ ብርሃን ወዲያውኑ ይደርሰናል፤ ድምፁ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ብልጭታውን ካየን በኋላ ድምፁን የሰማነው በ15 ሰከንድ ከሆነ ርቀቱ 15 × 340 = 5,100 ሜትር ነው። አንድ ታዛቢ የሚያውቀው ርቀትን ብቻ በመሆኑ መብረቁ በዙሪያው በሚሰመር ክብ ላይ የትም ሊሆን ይችላል። በተለያየ ቦታ ያሉ ሦስት ታዛቢዎች ያንኑ ብልጭታ ቢመዘግቡ ግን ክቦቻቸው የሚገናኙበት ነጥብ ቦታውን ያመለክታል። ቆጠራው የሚካሄደው በቤት ውስጥ ነው። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስለሆነ ማንም በሜዳም ሆነ በዛፍ ሥር መቆም የለበትም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል።

ጥቆማው ምን ይይዛል?

1. ምን ታየ?
2. የት? (ቀበሌና ጎጥ)
3. ስንት ሰዓት ጀመረ፤ ስንት ሰዓት አቆመ?
4. መጠኑ ስንት ነው? ተለካ ወይስ ተገመተ?
5. ምን ጉዳት ደረሰ?

ምንም ያልወረደበት ቀንም «ዜሮ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ባዶ መስመር «አልዘነበም» ይሁን «አልተለካም» አይታወቅምና።

ውድ አንባቢ፣ የዚህ ሁሉ ጥቅም ምንድን ነው? በሰከንድ 2 ሜትር የሚጓዝ ጎርፍ ከወንዙ ላይኛው ክፍል 7 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ መንደር ለመድረስ 1 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የስልክ ጥሪ ግን በቅጽበት ይደርሳል። በዚያች አንድ ሰዓት ከብት ከወንዝ ዳር ይነሣል፤ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅም ወንዙን ሳይሻገር ይጠብቃል። ታዛቢው ጎርፉን ማስቆም አይችልም፤ ያችን ሰዓት ግን ለጎረቤቱ ሊያተርፍለት ይችላል።