ከችሎት እስከ መማሪያ ክፍል፦ የሳይንስና የሃይማኖት ክርክር በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዝግመተ ለውጥ ትምህርት ላይ ከ1925 ጀምሮ የተካሄደውን ሕዝባዊና ሕጋዊ ክርክር ይመረምራል። ዋና ትኩረቱ በ2005 በፔንስልቬንያ ግዛት የተወሰነው የዶቨር ጉዳይ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው፦ ፍርድ ቤቶች ሕግ አውጪዎችና የትምህርት ቦርዶች በሳይንስ ክፍል ምን ማዘዝ እንደማይችሉ ወስነዋል፤ ተማሪው በተጨባጭ የሚማረውን ግን በአብዛኛው የሚወስነው የመምህሩ ዝግጅት ነው። ጥንቃቄ የበዛበት ዝምታ ገለልተኛ ቢመስልም ለተማሪው የሚያስተላልፈው መልእክት አለው። በመጨረሻም ከዚህ ልምድ ለኢትዮጵያ የሳይንስ መምህራን ሥልጠና የሚጠቅመው ነጥብ በአጭሩ ይመላከታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ዝግመተ ለውጥ፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ሃይማኖትና መንግሥት፣ ንድፈ ሐሳብ፣ የመምህራን ሥልጠና

1. መግቢያ

በትምህርት ቤት ስለ ሳይንስና ሃይማኖት የሚነሣ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «እውነቱ የማን ነው?» በሚል ጥያቄ ይጀመራል። በአንድ ወገን የሳይንስ ምሁራን፣ በሌላው ወገን የእምነት ሰዎች ተሰልፈው ይታሰባሉ። የአሜሪካ ልምድ ግን ሰልፉ እንዲህ የጠራ እንዳልነበረ ያሳያል። በ1981 የአርካንሶን ሕግ በመቃወም ከከሰሱት መካከል የሜቶዲስት፣ የኤጲስቆጶሳዊትና የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ነበሩበት፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ የሚጠራውም በአንድ የሜቶዲስት አገልጋይ፣ በማክሊን ስም ነው።

ስለዚህ ክርክሩን ለመረዳት ከፈጣሪ መኖርና አለመኖር ይልቅ ሦስት ጥያቄዎችን መከተል ይጠቅማል። የሳይንስ ክፍል ተግባር ምንድን ነው? ይዘቱን የመወሰን ሥልጣን የማን ነው? መምህሩስ ሁለቱ ሲጋጩበት ለማን ይታመናል? የሚከተሉት ክፍሎች እነዚህን ጥያቄዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ይመረምራሉ።

2. ከክልከላ ወደ «ሚዛናዊነት»

የቴነሲ ግዛት በመጋቢት 1925 ባወጣው የበትለር ሕግ፣ የሰው ልጅ ከዝቅተኛ እንስሳት የመጣ መሆኑን በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማር ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መምህር ጆን ስኮፕስ በዴይተን ከተማ ለፍርድ ቀረበ። ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን በከሳሽ፣ ክላረንስ ዳሮው በተከሳሽ ወገን የቆሙበት ይህ ችሎት የአገሪቱን ጋዜጦች ሁሉ ያጥለቀለቀ ነበር። ስኮፕስ ጥፋተኛ ተብሎ 100 ዶላር ተቀጣ። በ1927 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን የወሰነው ዳኛው እንጂ ዳኞች ሸንጎው አለመሆኑን በምክንያትነት ጠቅሶ ፍርዱን ሻረ፤ ሕጉ ግን እስከ 1967 ጸንቶ ቆየ።

በሕዝብ ትዝታ ውስጥ ዴይተን የሳይንስ ድል ተደርጎ ይነገራል። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ የታየው ውጤት ግን ተቃራኒ ነበር። ከችሎቱ በኋላ አሳታሚዎች ገበያቸውን ላለማጣት የዝግመተ ለውጥን ርእስ ቀነሱት ወይም አለሳለሱት። ርእሱ በጉልህ የተመለሰው ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለሳይንስ ትምህርት ከፍተኛ ገንዘብ በመደበበት ወቅት ነው። እንግዲህ ለአርባ ዓመት ያህል ይዘቱን የወሰነው የፍርድ ቤት ክርክር ሳይሆን የአሳታሚዎች ስጋት ነበር ማለት ይቻላል።

በ1968 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፐርሰን ጉዳይ የአርካንሶን የ1928 ክልከላ ሻረ። መሠረቱ መንግሥት ሃይማኖትን እንዳይመሠርት የሚያግደው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ክልከላ ካልተቻለ የዝግመተ ለውጥ ተቃዋሚዎች ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። በ1981 አርካንሶና ሉዊዚያና ዝግመተ ለውጥ የሚያስተምር ሁሉ «የፍጥረት ሳይንስን» በሚዛን እንዲያስተምር የሚያዝዙ ሕጎች አወጡ። የአርካንሶው በጥር 1982 በፌዴራል ዳኛው ዊልያም ኦቨርተን፣ የሉዊዚያናው ደግሞ በ1987 በኤድዋርድስ ጉዳይ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ተሻሩ።

በዚህ ሂደት የሙግቱ ቋንቋ መለወጡን ልብ ይሏል። በ1925 የቀረበው ጥያቄ «ይህ አይማር» የሚል ነበር፤ በ1981 «ሁለቱም ይማሩ» ሆነ። ሁለተኛው ጥያቄ ለጆሮ የሚጥም የፍትሐዊነት ድምፅ አለው። ችግሩ ሚዛን የሚሰፈረው በአንድ መለኪያ በሚመዘኑ ነገሮች መካከል መሆኑ ላይ ነው። አንዱ በመረጃ የሚፈተን፣ ሌላው በእምነት የሚያዝ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለሁለቱም አይበጅም። ካህናቱን ወደ ከሳሽ ወገን ካመጧቸው ስጋቶች አንዱም ይኸው ነበር፤ ሃይማኖት የላቦራቶሪ ተወዳዳሪ ሆኖ ሲቀርብ ይረክሳል ብለው ያምኑ ነበር።

3. የዶቨር ጉዳይ

ከ1987ቱ ውሳኔ በኋላ «ኢንተለጀንት ዲዛይን» የሚባለው እሳቤ ጎላ ብሎ ወጣ። እሳቤው አንዳንድ ሕያዋን አካላት እጅግ ውስብስብ ከመሆናቸው የተነሣ ያለ አስተዋይ ነዳፊ ሊገኙ አይችሉም ይላል፤ ነዳፊው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። የፔንስልቬንያዋ የዶቨር ከተማ የትምህርት ቦርድ በጥቅምት 2004 በ6 ለ3 ድምፅ ይህ እሳቤ ለዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ተማሪዎች እንዲነገራቸው ወሰነ። በክፍል እንዲነበብ የተዘጋጀው አጭር መግለጫ የዳርዊን ንድፈ ሐሳብ ክፍተቶች ያሉበትና እውነታ ያልሆነ መሆኑን ይናገራል፤ ሌላ ማብራሪያ ለሚፈልግ ተማሪም «ስለ ፓንዳዎችና ስለ ሰዎች» የተባለውን መጽሐፍ ይጠቁማል።

የሳይንስ መምህራኑ መግለጫውን ለማንበብ እምቢ አሉ። ያቀረቡት ምክንያት የመምህርነት ሥነ ምግባር ደንብ ነበር፤ ሳይንስ አለመሆኑን የሚያውቁትን ሳይንስ ነው ብለው ለተማሪ ማቅረብ ሙያቸውን መካድ ነው አሉ። በጥር 2005 መግለጫውን ያነበቡት አስተዳዳሪዎች ነበሩ። በጉዳዩ ላይ የከሰሱት 11 ወላጆች ናቸው።

ችሎቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 4 ቀን 2005 በዳኛ ጆን ጆንስ ፊት ተካሄደ። በከሳሾች በኩል ከመሰከሩት መካከል የባዮሎጂ ምሁሩ ኬኔት ሚለርና የነገረ መለኮት ምሁሩ ጆን ሆት ይገኙበታል፤ ሁለቱም ካቶሊካውያን ናቸው። በመከላከያ ወገን የመሰከረው የባዮኬሚስትሪ ምሁሩ ማይክል ቢሂ፣ እርሱ በሚሰጠው ሰፊ ትርጉም ኮከብ ቆጠራም «ንድፈ ሐሳብ» ሊባል እንደሚችል በመስቀለኛ ጥያቄ አመነ።

ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው የተገኘው ከዚያው ከተጠቆመው መጽሐፍ ረቂቆች ነው። የፍልስፍና ምሁሯ ባርባራ ፎረስት ረቂቆቹን ስታነጻጽር፣ ከ1987ቱ ውሳኔ በኋላ ፍጥረትን የሚመለከቱ ቃላት ተነሥተው በቦታቸው የንድፍ ቃላት መተካታቸውን አሳየች። በአንደኛው ረቂቅ ላይ መተካቱ በጥድፊያ ስለተሠራ አሮጌውና አዲሱ ቃል ተጣብቀው ትርጉም የሌለው አንድ ቃል ፈጥረው ተገኙ። የስያሜው ለውጥ የይዘት ለውጥ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚመሰክር አልነበረም።

ዳኛው ታኅሣሥ 20 ቀን 2005 በሰጡት ባለ 139 ገጽ ውሳኔ እሳቤው ሳይንስ አለመሆኑን፣ የቦርዱም ዓላማ ሃይማኖታዊ መሆኑን ገለጹ። የዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ የፈጣሪን መኖር የማይክድ መሆኑን ምስክሮቹ እንዳስረዱም መዘገቡ ሊዘነጋ አይገባም። ከውሳኔው ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በተካሄደው ምርጫ የዶቨር መራጮች ለውድድር የቀረቡትን ነባር የቦርድ አባላት አንሥተው ነበር። አዲሱ ቦርድ ይግባኝ ባለመጠየቁም ውሳኔው ከዚያ የፌዴራል ወረዳ ውጭ አስገዳጅ ሳይሆን ቀረ።

4. የፍርዱ ምክንያቶች ጥንካሬና ድክመት

የፍርድ ቤቶቹን ውጤት የሚደግፍ ሁሉ ምክንያታቸውን አይቀበልም። ዳኛ ኦቨርተን በ1982 ሳይንስን ከሌላው የሚለዩ መስፈርቶች ዘርዝረው ነበር፤ በተፈጥሮ ሕግ መመራት፣ መፈተን፣ ስሕተትነቱ ሊረጋገጥ የሚችል መሆን ከእነዚህ መካከል ናቸው። የፍልስፍና ምሁሩ ላሪ ላውዳን ይህን ተችቷል። እርሱ እንደሚለው «የፍጥረት ሳይንስ» ስለ ምድር ዕድሜና ስለ ጥፋት ውኃ የሚፈተኑ አባባሎች አሉት፤ ተፈትነውም ወድቀዋል። ስለዚህ «አይፈተንም» ከማለት «ተፈትኖ አላለፈም» ማለት ትክክለኛም ጠንካራም ነው።

ይህ ልዩነት ለመማሪያ ክፍል ትልቅ ትርጉም አለው። የመጀመሪያው መልስ ተማሪውን በር ላይ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው ወደ ውስጥ አስገብቶ መረጃውን ያሳየዋል። ፍርድ ቤት ወሰን ማበጀት ግዴታው ነው፤ መምህር ግን ወሰኑ ለምን እዚያ ላይ እንደተሰመረ ማሳየት ይጠበቅበታል።

የሕጉ መሠረትም ቢሆን አይናወጥም ማለት አይቻልም። ከ1971 ጀምሮ ፍርድ ቤቶች ይገለገሉበት የነበረውን፣ የዶቨርም ውሳኔ የተጠቀመበትን «የሌመን መስፈርት» ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 እንደተወው ገልጿል። በሌላ በኩል ሉዊዚያና በ2008፣ ቴነሲ በ2012 ያወጧቸው ሕጎች የፍጥረትን ስም ሳያነሡ መምህራን አከራካሪ የተባሉ ንድፈ ሐሳቦችን እንዲተቹ ከለላ ይሰጣሉ። ክርክሩ እንደገና ስሙን ለውጧል።

5. ፍርዱ የማይደርስበት ቦታ

ማይክል በርክማንና ኤሪክ ፕሉትዘር በ2007 ከ926 የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህራን ያሰባሰቡት መረጃ የችሎቱን ውጤት ከክፍሉ እውነታ ጋር ለማነጻጸር ያስችላል። ዝግመተ ለውጥን በሳይንሱ ማኅበረሰብ ምክር መሠረት በተሟላ ሁኔታ የሚያስተምሩት 28 በመቶ ያህሉ ነበሩ። 13 በመቶ ያህሉ የፍጥረት እሳቤን በግልጽ ይደግፉ ነበር። የቀሩት 60 በመቶ ገደማ ከሁለቱም ወገን ያልቆሙ «ጠንቃቃ» መምህራን ናቸው።

የጠንቃቆቹ ዘዴዎች ሦስት ናቸው። አንዳንዶቹ ስለ ሞለኪውልና ስለ ጥቃቅን ለውጦች ብቻ ያስተምራሉ። አንዳንዶቹ «ለፈተና ስለሚጠየቅ ነው» ብለው ያልፋሉ። ሌሎቹ ሁሉንም አመለካከት ዘርዝረው ውሳኔውን ለተማሪው ይተዋሉ። ሦስቱም ሰላም ለመጠበቅ የታሰቡ ናቸው፤ ነገር ግን ተማሪው ከሁለተኛው «መምህሬም አይቀበለውም»፣ ከሦስተኛው ደግሞ «ሳይንስ የአስተያየት ጉዳይ ነው» የሚል መልእክት ይወስዳል። በ2019 የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ለፍጥረት እሳቤ ቦታ ሳይሰጡ የሳይንሱን ስምምነት የሚያጎሉ መምህራን ከ51 ወደ 67 በመቶ ማደጋቸውን አሳይቷል። በመምህርነት ዝግጅታቸው ስለ ዝግመተ ለውጥ ራሱን የቻለ ኮርስ የወሰዱ መምህራን በልበ ሙሉነት የማስተማር ዕድላቸው የሰፋ መሆኑም በመጀመሪያው ጥናት ተመልክቷል።

6. ለኢትዮጵያ ያለው አግባብነት

የኢትዮጵያ ሁኔታ ከዶቨር በብዙ ይለያል። ሥርዓተ ትምህርቱን የሚወስን የመንደር ቦርድ የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንቀጽ 90 ንኡስ አንቀጽ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በሐዳር በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ የአገር መኩሪያ ናት፤ ዝግመተ ለውጥም በሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ትምህርት ውስጥ ይገኛል። በሕግ ደረጃ ጥያቄው የተዘጋ ይመስላል።

በክፍል ውስጥ ግን ጥያቄው በቋንቋው በኩል ይገባል። «ንድፈ ሐሳብ» የሚለው ቃላችን «ንድፍ» ከሚለው የተገኘ ነው፤ ንድፍ ደግሞ ገና ያልተጠናቀቀ ሥራን ያስታውሳል። «ቲዎሪ» የሚለው የውሰት ቃል በዕለት ንግግር «በተግባር የማይሠራ ወሬ» ወደሚል ትርጉም ያዘነብላል። «ማመን» የሚለው ግሥም ለሃይማኖትም በመረጃ ለመርታትም ያገለግላል። ተማሪው «መምህር፣ እርስዎ በዝግመተ ለውጥ ያምናሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው የእምነት ኑዛዜ መልክ ይይዛል። መምህሩ ከመመለሱ በፊት ጥያቄውን ማስተካከል ይችላል፦ የሳይንስ ክፍል የሚጠይቀው መረጃው ምን እንደሚያሳይና ድምዳሜው እንዴት እንደተደረሰበት መረዳትን ነው፤ ተማሪው ከእምነቱ ጋር እንዴት እንደሚያስማማው የራሱ፣ የቤተሰቡና የሃይማኖት አባቶቹ ጉዳይ ነው። ይህ መልስ ሳይንሱን አያለሳልስም፤ ተማሪውንም አያዋርድም።

7. ማጠቃለያ

ከዴይተን እስከ ዶቨር በተደረገው ጉዞ ፍርድ ቤቶች መንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርትን በሳይንስ ስም እንዳያዝዝ ከልክለዋል። ይህ ጥበቃ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አልሆነም፤ ከ1925 በኋላ አሳታሚዎች፣ ከ2005 በኋላም በርካታ መምህራን ሕግ ሳያስገድዳቸው ዝም ብለዋል። የዶቨር መምህራን የተለዩት የሚያስተምሩትን ጠንቅቀው በማወቃቸውና ሙያዊ ግዴታቸውን በመጥቀስ እምቢ ለማለት በመቻላቸው ነው። ስለሆነም የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ለዝግመተ ለውጥ ይዘት ብቻ ሳይሆን ለሳይንስ ባሕርይ፣ ለቃላቱ ትርጉምና ለአማኝ ተማሪ ጥያቄ አክብሮት የተሞላበት መልስ ለመስጠት የሚያስችል ትምህርት ቢያካትቱ ይመረጣል። በኢትዮጵያ የባዮሎጂ መምህራን ይህን ርእስ በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያስተናግዱት የሚመረምር የመስክ ጥናትም ለቀጣይ ተመራማሪዎች ተገቢ ርእስ ነው።