በኮሮና ጊዜ የቀሩብኝ 42 አርቦች፦ ለቤት ሠራተኛ እህቶቼ የሚሆን ትምህርት

እህቶቼ፣ ኮሮና አለፈ ብለን ልንረሳው እንችላለን። ያኔ በሥራችን ላይ የመጣው ለውጥ ግን በብዙ ቤት እስከ ዛሬ አልቀረም። የዕረፍት ቀን «ለጊዜው» ተብሎ የቀረባት፣ ሰዓቷ ረዝሞ በዚያው የቀጠለ እህት ዛሬም አለች። ስለዚህ እኔ ሻርጃ ያሳለፍኩትን እና ከዚያ የተማርኩትን እነግራችኋለሁ። ከታሪኩ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለብሽ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ቤቱ ሲሞላ

በ2020 ማርች 8 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። አራት ልጆች ቤት ዋሉ። ማርች 26 ደግሞ የፀረ ተሕዋስያን ርጭቱ ተጀመረና ማታ መውጣት ተከለከለ። ባባም ማዳምም ከቤት መሥራት ጀመሩ። ድሮ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ቤቱ ባዶ ስለሚሆን ትንሽ ጎኔን አሳርፍ ነበር። ያ ቀረ። ሦስት ጊዜ ይበስል የነበረው አምስት ጊዜ ሆነ፣ የበር እጀታ እና ወለል በቀን ሦስት ጊዜ በክሎሮክስ ይወለወላል፣ ከሱቅ የመጣ ዕቃ ሁሉ ይታጠባል። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ቆሜ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት እነሳለሁ።

ያኔ የዕረፍት ቀናችን አርብ ነበር። ማዳም «በሽታ ታመጪብናለሽ፣ እስኪያልፍ አትወጪም» አለችኝ። መውጣት መከልከሉ ይገባኛል፣ እሷም ፈርታለች። ግን አርብ እቤት ሆኜ ማረፍ እችል ነበር። እኔም ሳልጠይቅ፣ እሷም ሳትሰጠኝ፣ እንደማንኛውም ቀን ስሠራ ከረምኩ። አለመውጣት እና አለማረፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከአጅማን የመጣው ስልክ

አንድ ጓደኛዬ አጅማን አልጋ ተከራይታ፣ ዱባይ እየሄደች በሰዓት ታጸዳ ነበር። ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ቪዛዋም አልቋል። ኤፕሪል 4 ዱባይ ሙሉ ቀን ሲዘጋ ሥራዋ በአንድ ቀን ቆመ። ኮንትራት ስለሌላት «ደመወዜን» ብላ የምትጠይቀው ሰው አልነበረም። ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል፣ ያላት ለሌላት እያካፈለች ከረሙ። እኔም ካለኝ ላይ እልክላት ነበር።

ታዲያ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ደውላ «አንቺ እንኳ ኮንትራት አለሽ፤ ያልተከፈለሽን ቀን ጻፊ» አለችኝ። ከሜይ 1 ጀምሮ እያንዳንዱን አርብ በልጆቹ አሮጌ ደብተር ላይ መመዝገብ ጀመርኩ።

እሷ ራሷ የዳነችው በምሕረቱ ነው። መንግሥት ከማርች 1 ቀን 2020 በፊት ቪዛቸው ያበቃባቸው ሰዎች ቅጣት ሳይከፍሉ እንዲወጡ ፈቀደ። ጊዜው ከሜይ 18 ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ እስከ ዲሴምበር 31 ቆየ። «ወጥመድ ነው፣ ያስሩናል» የሚል ወሬ ስለነበር ወራት ፈራች። በመጨረሻ ዱባይ ያለውን ቆንስላችንን ጠይቃ በሰላም አገሯ ገባች። ወሬውን ሰምተው የቀሩ ግን ቅጣቱ ተከማቸባቸው።

ሂሳቡ

ዓመቱ ሲያልቅ ለባባ ደብተሬን አሳየሁት። ከማርች 13 እስከ ዲሴምበር 25 ድረስ 42 አርቦች ሠርቻለሁ። ደመወዜ 1,200 ድርሃም ነው፣ ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን 40 ድርሃም። መጀመሪያ «አብልቼሽ፣ አሳክሜሽ» አለኝ። እኔም በአክብሮት፣ ምግብ እና ሕክምና በሕጉ ከደመወዝ ሌላ የሚሰጥ መሆኑን፣ ካልተስማማን ሚኒስቴሩን እንደምጠይቅ ነገርኩት። ከሳምንት በኋላ 1,400 ድርሃም ሰጠኝ። ይህ የ35 አርብ ነው። ያልጻፍኳቸው ሰባቱ «ማስረጃ የለሽም» ተብለው ቀሩ። 280 ድርሃም መሆኑ ነው፤ ለእናቴ የሚላክ ነበር።

ሕጉ ምን ይሰጥሻል?

ያኔ የነበረው የ2017 የቤት ሠራተኞች ሕግ ነው። አሁን የሚሠራው ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ የጸናው አዲሱ ሕግ ነው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

• በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው። በዚያ ቀን ከሠራሽ ሌላ የዕረፍት ቀን ወይም ክፍያ ይገባሻል።
• በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚህም ውስጥ 8 ሰዓቱ ሳይቆራረጥ።
• በዓመት 30 ቀን ፈቃድ።
• ከታመምሽ በሐኪም ማስረጃ እስከ 30 ቀን፦ 15ቱ በሙሉ ደመወዝ፣ የቀረው ያለ ክፍያ።
• ፓስፖርትሽን እና መታወቂያሽን ራስሽ መያዝ።

ምን ታደርጊ?

1. ጻፊ። ቀኑን፣ የተነሳሽበትን እና የተኛሽበትን ሰዓት፣ የተቀበልሽውን ገንዘብ። ዛሬውኑ ጀምሪ፣ እንደ እኔ ሰባት ሳምንት አትቆዪ።
2. ኮንትራትሽን፣ ፓስፖርትሽን እና መታወቂያሽን በስልክ ፎቶ አንሺ፣ ለምታምኚው ሰውም ላኪ።
3. መጀመሪያ በሰላም ተነጋገሪ። ሰው ያልበዛበት፣ ማዳም ያልተናደደችበት ሰዓት ምረጪ።
4. ካልሆነ የሰው ኃይል ሚኒስቴር የሠራተኞች አቤቱታ መስመር 80084 ደውዪ። ቋንቋ ከቸገረሽ አረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የምትችል እህት አጠገብሽ ትሁን።
5. በንዴት ቤቱን ጥለሽ አትውጪ። «ጠፍታለች» ተብሎ ሪፖርት ከተደረገብሽ ጉዳይሽ ይከብዳል። ድብደባ ወይም ለሕይወትሽ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን አትጠብቂ፣ ፖሊስ 999 ነው።
6. ስለ ምሕረት ወሬ ስትሰሚ ቆንስላውን ጠይቂ። በ2024ም ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ሌላ ምሕረት ነበር።

ስለ ክሎሮክስ አንድ ነገር

ያኔ እጄ ተላልጦ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ክሎሮክስ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ቀላቅዬ ትንፋሽ አጥቼ ወደቅሁ። ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ። ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አቅጥነሽ፣ መስኮት ከፍተሽ፣ ጓንት አድርገሽ ተጠቀሚ። ዓይንሽ ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ እጠቢው። ትንፋሽ ካጠረሽ ክፍሉን ለቀሽ ውጪ፣ ካልተሻለሽ አምቡላንስ 998 ነው።

እህቴ፣ የዕረፍት ቀንሽ ማዳም ደስ ሲላት የምትሰጥሽ ስጦታ አይደለም፣ እንደ ደመወዝሽ ሁሉ የሠራሽበት ነው። ይህን ለማታውቅ እህትም አሳውቂያት። ለእኔም የነገረችኝ ከእኔ የባሰ የተቸገረችው ናት።