ጀልባ በደረቅ ምድር፦ ከታንኳና ከጎተራ የምንማረው የማሳደሪያ ፊዚክስ

እንደሚታወቀው ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ጎጃምን እንደ መቀነት ዙሪያውን ታጥቆ ይጓዛል። ይሁን እንጂ በሞጣም ሆነ በቢቸና በኩል ወንዙ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሚገባ ለጀልባ ሥራ አይመችም። በ1968 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር አባላት ያሉበት አንድ የአሰሳ ቡድን ከጢስ ዓባይ በታች ያለውን የወንዙን ክፍል ለማሰስ የተጠቀመው በአየር በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ነበር። እነዚህ ጀልባዎች አየራቸው ተንፍሶ ሲጠቀለሉ በትከሻ ይወሰዳሉ፤ ስለዚህ ማሳደሪያቸው አያስቸግርም። የምሥራቅ ጎጃም ሰው ስለ እውነተኛ የሞተር ጀልባ ሲያስብ ግን ዓይኑን የሚያዞረው ከሞጣ በመኪና መንገድ ወደሚደረስበት ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጣና ሐይቅ ነው።

እንግዲህ ከቢቸናና ከሞጣ የሆኑ ጥቂት ወዳጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ የፋይበርግላስ ጀልባ በመግዛት ጣና ላይ ሊያሠሩት አሰቡ እንበል። የጀልባው ርዝመት 5 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ክብደቱ ከነሞተሩ 700 ኪሎ ግራም ይሁን። ገንዘቡ የብዙ ቤተሰብ ጥሪት ነው። ጀልባው ግን ከሚሠራበት ሰዓት ይልቅ ሥራ ፈትቶ የሚቆምበት ሰዓት ይበልጣል። በዚህም ምክንያት የዕድሜውን እርዝማኔ በእጅጉ የሚወስነው የሚያድርበት ቦታ ነው።

ለባለቤቶቹ ሦስት አማራጮች አሉ። ጀልባውን ውኃው ላይ አስሮ ማሳደር አንዱ ነው። ጎትቶ ዳርቻው ላይ ማስቀመጥ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው በአሜሪካና በአውሮፓ ወደቦች የተለመደው ባለ መደርደሪያ ደረቅ ማሳደሪያ ነው፤ በዚህ ዘዴ ጀልባዎች በፎርክሊፍት እየተነሡ እንደ መጽሐፍ በብረት መደርደሪያ ላይ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ባለ ፎቅ ላይ ይቀመጣሉ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ ደረቅ ማሳደሪያ በጣሪያው ማማር ወይም በኪራዩ ማነስ ብቻ የሚመረጥ አለመሆኑን ነው። መጠየቅ ያለባቸው ዋና ዋና ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ውኃው ከጀልባው በየት በኩል ይወጣል? የጀልባውስ ክብደት በምን ላይ ያርፋል?

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ከጣና ታንኳ የተሻለ አስተማሪ አናውቅም። የነገደ ወይጦ ባለሙያዎችና ሌሎች የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ፣ ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ እንዲደርቅ በቁሙ ይገተራል። ይህ ለጎብኚ ካሜራ የተደረገ አይደለም። ደንገል የሚንሳፈፈው በግንዱ ውስጥ ባሉት አየር የያዙ ክፍተቶች ምክንያት ነው፤ ክፍተቶቹን ውኃ ሲሞላቸው የታንኳው እፍግታ ወደ ውኃው እፍግታ ይጠጋል፣ የመሸከም አቅሙም ይቀንሳል። ታዲያ ለምን አጋድሞ ከማድረቅ ይልቅ ማቆም ተመረጠ?

መልሱ በቀጭን ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ በሚያሳየው ጠባይ ላይ ይገኛል። የውኃ ገጽ ውጥረት በቀጭን ክፍተት ውስጥ ያለውን ውኃ ስቦ ይይዘዋል፤ የመሬት ስበት ደግሞ ወደታች ይጎትተዋል። የክፍተቱ ራዲየስ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ገጽ ውጥረት ወደ 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የውኃ ዓምድ ሊሸከም ይችላል። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር የሚሸከመው ዓምድ ይረዝማል። አሁን ውፍረቱ ግማሽ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ታንኳ እንውሰድ። ተጋድሞ ሳለ ውኃውን ወደታች የሚገፋው ዓምድ ቢበዛ ግማሽ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የሚፈስሰው ራዲየሳቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ከሚበልጡ ክፍተቶች ብቻ ነው። በቁሙ ሲገተር ግን ዓምዱ 4 ሜትር ይሆናል። የደንገሉ ክሮች በግንዱ ርዝመት የተዘረጉ በመሆናቸውም መንገዱ ከስበቱ አቅጣጫ ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ ከላይኛው ጫፍ ስምንት እጥፍ ከጠበቡ ክፍተቶች ጭምር ውኃው ይንጠባጠባል። ከታች የሚቀረውን ነፋስና ፀሐይ ይጨርሱታል። ቀመሩን ማንም ሳይጽፍላቸው ባለሙያዎቹ በልምድ ከመልሱ ደርሰዋል።

አንባቢ «ፋይበርግላስ ደንገል አይደለም፤ ውኃ አይጠጣም» ይል ይሆናል። ይጠጣል፤ ልዩነቱ በፍጥነት ላይ ነው። ውኃ በፖሊስተር ሙጫ ውስጥ በጣም ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ የስርገት መጠኑ በሴኮንድ 10⁻¹² ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ስርገት የሚፈጀው ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነውን የውጭ ቅብ ለማለፍ 3 ቀን ገደማ፣ 1 ሚሊ ሜትር ለመግባት 12 ቀን ገደማ፣ 3 ሚሊ ሜትር ለመግባት ደግሞ ከ100 ቀን በላይ ያስፈልጋል። ውኃው ወደ ውስጥ ከዘለቀ በኋላ በሙጫው ውስጥ በትክክል ሳይጠነክሩ የቀሩ ቅሪቶችን ያሟሟና በትንንሽ ኪስ ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ ፈሳሽ ይፈጥራል። ከዚያ በኋላ ኦስሞሲስ ሥራውን ይጀምራል፦ ከውጭ ያለው ቀጭን ውኃ ወደ ጥቅጥቁ ፈሳሽ ይሳባል፣ ኪሱ ያብጣል፣ የጀልባው ሆድ ላይ እንደ ቃጠሎ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር አለ። የባሕር ጨው ጀልባን የበለጠ ይጎዳል ተብሎ ይታሰባል፤ ለብረት ይህ እውነት ነው። ለፋይበርግላስ እብጠት ግን ጨው አልባ ውኃ ይብሳል። በውጭና በውስጥ ያለው የጥቅጥቅነት ልዩነት በሰፋ መጠን የኦስሞሲስ ግፊት ስለሚበረታ ነው። ጣና ጨው አልባ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ጀልባን ወራት ሙሉ ውኃ ላይ አስሮ መተው፣ እኛ እንደምናየው፣ ከሦስቱ አማራጮች እጅግ ደካማው ነው። በየማታው የሚወጣ ጀልባ ግን ቅቡ እንኳን ሳይርስ ወደ መድረቁ ይመለሳል። ከወራት በኋላ የወጣ ጀልባ በሁለት ቀን ፀሐይ ደረቀ ማለት ግን ስሕተት ነው፤ በወራት የገባው ውኃ የሚወጣውም በወራት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ የቢቸና ገበሬ ጎተራ ምሳሌ ይሆነናል። ጎተራ መሬት ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ አየር ከሥሩ እንዲነፍስና እርጥበት ወደ እህሉ እንዳይወጣ በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፍ ይደረጋል። ለጀልባም ከፍ ማለቱ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በምን ላይ? ጀልባው ውኃ ላይ ሳለ 700 ኪሎ ግራሙ 5 ካሬ ሜትር በሚያህል ሆዱ ላይ ይሰራጫል፤ ግፊቱ 1.4 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባላቸው ሁለት አግዳሚዎች ላይ ቢያርፍ፣ ከሆዱ ጋር እንዲገጥሙ ከተቀረጹ ግፊቱ ወደ 17 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። የጎተራውን ዘዴ እንዳለ ቀድተን በአራት ድንጋዮች ላይ ብናስቀምጠውና እያንዳንዱ ድንጋይ በ5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር ቦታ ብቻ ቢነካው፣ ግፊቱ 686 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ይህም ውኃ ላይ ከነበረው 500 እጥፍ ገደማ ነው። ጎተራ ይህን ይችላል፤ ስስ ግድግዳ ያለው ጀልባ ግን ይሰረጉዳል፣ ከዓመት በኋላም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማሳደሪያ ሲመረጥ አግዳሚዎቹ ሰፊ፣ በጎማ ወይም በምንጣፍ የተሸፈኑ፣ በጀልባው ውስጣዊ ማጠንከሪያዎች ትይዩ የሚያርፉ መሆናቸው ይታይ። አንደኛው አግዳሚ የግድ ከሞተሩ አጠገብ መሆን አለበት፤ አብዛኛው ክብደት እዚያ ነውና።

ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙት በክረምት ነው። ዝናቡ የሚሰበሰብበት የጀልባው ስፋት 8 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ አንድ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ሊትር፣ ማለትም 400 ኪሎ ግራም ውኃ ያስገባል። የማፍሰሻው ውታፍ ካልተነቀለና አፍንጫው ጥቂት ቀና ብሎ ካልተቀመጠ 700 ኪሎ የነበረው ጀልባ በአንድ ሌሊት 1,100 ኪሎ ይሆናል። ሸራ ማልበስም ሸራው ከረገበ ገንዳ ይሆናል እንጂ አያድንም።

ባለ መደርደሪያ ማሳደሪያ ከሆነ ደግሞ የፎርክሊፍቱን አቅም መጠየቅ ተገቢ ነው። «ባለ ሁለት ቶን ነው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። የማሽኑ አቅም የሚነገረው የጭነቱ መሐል ከሹካው ሥር በተወሰነ ርቀት፣ ብዙ ጊዜ በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ነው። ከፊት ጎማው መሐል እስከ ሹካው ሥር 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ማሽኑ የሚችለው 2,000 ኪሎ ግራም በ90 ሴንቲ ሜትር ክንድ ነው። ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ጀልባ በጎኑ ሲነሣ መሐሉ 1 ሜትር ላይ ስለሆነ ክንዱ 140 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አቅሙም ወደ 1,290 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ከፍ ሲያነሣ ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል። ያ ዝናብ የጠጣው 1,100 ኪሎ ጀልባ በዚህ ላይ ሲታሰብ፣ ውስጡ ያለው ውኃም ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት፣ የቀረው ልዩነት የሚያስተማምን አይደለም። ከማንሣት በፊት ውኃውን ማፍሰስ ለሠራተኛው ሕይወት ጭምር ነው።

የቦታውን ከፍታ በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ ይበቃል። የጣና ውኃ በሰኔ መግቢያ ዝቅ፣ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው በ200 ሜትር 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ሜዳ ከሆነ የውኃው ጠርዝ 300 ሜትር ይሄዳል ይመጣል። በግንቦት ያዩት ደረቅ ሜዳ በጥቅምት ሐይቅ ሊሆን ይችላል። የተቃራኒውም አለ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የሐይቁ ውኃ እጅግ በመውረዱ ትልልቅ ጀልባዎች ሥራ አቁመው ነበር። ቦታው ለከፍተኛውም ለዝቅተኛውም ውኃ መታሰብ አለበት።

ጣሪያ የሚያስፈልገው ከዝናብ ይልቅ ለፀሐይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ላይ ይገኛል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የጀልባው ቅብ ከባሕር ዳርቻ ጀልባ ይልቅ ቶሎ ይነጣል፣ ይሻክራል። ጎኖቹ ግን ክፍት ቢሆኑ እንመርጣለን። አንደኛ፣ ያለ ነፋስ መድረቅ የለም። ሁለተኛ፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ በተዘጋ መጋዘን ወለል ላይ ተኝቶ አንድ የእሳት ብልጭታ ይጠብቃል። ስለዚህ የባትሪው ገመድ ተፈትቶ፣ የነዳጁ መስመር ተዘግቶ መግባት አለበት።

ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣናን ያስቸገረውን እምቦጭን በሚመለከትም አንድ ነገር እንጨምር። የተቆረጠ የእምቦጭ ቅጠልና ሥር በደረቅ ማሳደሪያ ላይ ይሞታል፤ ዘሩ ግን ደርቆም ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጀልባው ወደ ሌላ ውኃ የሚሄድ ከሆነ ማድረቅ ብቻ አይበቃም። ከሐይቁ ርቆ፣ እጣቢው ተመልሶ ወደ ውኃው በማይገባበት ቦታ፣ ሆዱና የሞተሩ የውኃ መሳቢያ በደንብ ሊታጠቡ ይገባል፤ የሚከራዩት ማሳደሪያ እንዲህ ያለ የማጠቢያ ቦታ ያለው መሆኑም ውል ከመፈረሙ በፊት ይታይ።