የበዓል ትራፊና የቤት ውሻ

ጥያቄ፦ ክቡር ሐኪም ሆይ፤ በፋሲካ ማግስት ከማዕድ የተረፈውን የዶሮ ወጥ ከነአጥንቱ ለውሻዬ ብሰጠው ይጎዳዋልን? ሽንኩርቱስ በእሳት ከበሰለ በኋላ ጉዳቱ አይጠፋምን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ ሆይ፤ የሰውን ልብ ደስ የሚያሰኝ መብል ሁሉ ለእንስሳ ባሕርይ ይስማማል ማለት አይደለምና፣ ትራፊውን ከመስጠትዎ በፊት መጠየቅዎ ከርኅራኄ የመነጨ ማስተዋል ነው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም፣ ቁሌቱም፣ ደርቆ የተፈጨውም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርስ ስለሆነ፣ እሳት ሽታውን ቢያለዝበውም ጉዳቱን አያስወግደውም። ለእያንዳንዱ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ለሕመም የሚበቃ በመሆኑ፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በ150 ግራም ሊታመም ይችላል፤ ምልክቱም ድካም፣ የድድ መንጣትና የሽንት መጥቆር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንደ ስንጥር እየተሰነጠቀ ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል። ወይንና ዘቢብ ኩላሊትን፣ ቸኮሌት ልብንና ነርቭን ሲጎዱ፣ በአንዳንድ ማስቲካ ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ደግሞ የደሙን ስኳር በድንገት ያወርዳል።

ስለዚህ ውሻዎም የበዓሉ ተካፋይ ይሆን ዘንድ ከወደዱ፣ ቅመምና ጨው ያልገባበት፣ አጥንቱ የወጣለት ቅቅል ሥጋ በልክ ይስጡት፤ ከተከለከለው በልቶ ቢገኝ ግን፣ ምልክቱን ሳይጠብቁና በጨው ሊያስመልሱት ሳይሞክሩ፣ የበላውን ዓይነትና መጠን አስታውሰው ወደ እንስሳት ሐኪም ፈጥነው ያድርሱት።